«ቤተ ክርስቲያን መጥተው ቢያንኳኩስ?» የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉም ማለት ይቻላል ስለ አይስ (ወረቀት የሌላቸውን ስደተኞች ይዞ ስለሚያባርረው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት) ናቸው። ደስ ያለኝ ነገር፣ ብዙዎቹ ጠያቂዎች የሚጨነቁት ለራሳቸው ብቻ አይደለም። ለጎረቤታቸው፣ ለማኅበርተኛቸው፣ ከቅዳሴ ለቀረ ሰው ነው። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። እዚህ ያለው ጠቅላላ መረጃ ነው፤ የእያንዳንዱን ሰው ኬዝ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይየው።

አይስ በቅዳሴ ሰዓት ሊገባ ይችላል? ቢመጡ በር ላይ ያለው ሰው ምን ይበል?
*የሰበካ ጉባኤ አባል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ*

በቤተ ክርስቲያን፣ በትምህርት ቤትና በሆስፒታል ሰው መያዝን የሚገድብ መመሪያ ነበር። በ2011 ወጣ፣ በ2021 ሰፋ፣ በጃንዋሪ 2025 ተነሳ። ከዚያ በኋላ ኩዌከሮች የሚባሉት የክርስትና ክፍልና አብረዋቸው የከሰሱ ጥቂት የእምነት ተቋማት፣ የድሮው መመሪያ ለእነሱ እንዲጸና የሚያደርግ እገዳ እዚሁ ሜሪላንድ ካለ የፌዴራል ፍርድ ቤት አግኝተዋል። እገዳው ግን የተሰጠው ለከሳሾቹ ብቻ ነው። ከሃያ በላይ የክርስቲያንና የአይሁድ ድርጅቶች ዋሽንግተን ላይ ያቀረቡት ተመሳሳይ ጥያቄ ደግሞ በኤፕሪል 2025 ውድቅ ሆነ። ስለዚህ «ቤተ ክርስቲያን ነን፣ አይነኩንም» ብሎ መዘናጋት አይቻልም።

መመሪያው ቢነሳም ሕገ መንግሥቱ አለ። ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቦታ ማንም ይገባል፣ ፖሊስም ጭምር። ለሕዝብ ክፍት ወዳልሆነ ክፍል ለመግባት ግን ወይ የእናንተን ፈቃድ ወይ ዳኛ የፈረመበት ማዘዣ ያስፈልጋል። በዚህ ሳምንት ልትሠሩት የምትችሉት ነገር ይኸውላችሁ። በቢሮው፣ በወጥ ቤቱና በሰንበት ትምህርት ቤቱ ክፍሎች በር ላይ «ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ለጥፉ።

ወረቀት ካሳዩ መጀመሪያ ራስጌውን እዩ። «ዩናይትድ ስቴትስ ዲስትሪክት ኮርት» የሚል ከሆነና ዳኛ ከፈረመበት የፍርድ ቤት ማዘዣ ነው። አድራሻውና ቀኑ ትክክል መሆኑን አይታችሁ አሳልፉ። «ዲፓርትመንት ኦፍ ሆምላንድ ሴኩሪቲ» የሚልና «አይ-200» ወይም «አይ-205» የሚል የፎርም ቁጥር ያለበት ከሆነ ግን የፈረመው ዳኛ ሳይሆን አይስ ያለበት የዚህ መሥሪያ ቤት የራሱ ሠራተኛ ነው። የቆየው የሕግ አረዳድ፣ ይህ ወረቀት ሰውየውን ለመያዝ ያገለግል ይሆናል እንጂ የተዘጋ በር አያስከፍትም የሚል ነው። መሥሪያ ቤቱ የመጨረሻ የመባረር ትእዛዝ ያለበትን ሰው ከቤቱ ለመያዝ አይ-205 ይበቃል የሚል የውስጥ ማስታወሻ ማውጣቱ በ2026 መጀመሪያ ላይ ተሰምቷል። የሕግ ባለሙያዎች አጥብቀው ይቃወሙታል።

በር ላይ የሚቆመው ሰው ዜግነት ያለው፣ እንግሊዝኛ የሚችልና የማይደነግጥ ይሁን። የሚለውም አጭር ነው፦ «መግባት አልፈቀድኩም። ማዘዣችሁን ልየው።» በጉልበት ከገቡ አይታገል። አይዋሽ፣ ሰው አይደብቅ፣ «ሩጡ!» ብሎ አይጩህ። የባጅ ቁጥራቸውን ይጻፍ፣ ሌላ ሰው ደግሞ በስልክ ይቅረጽ። ካህናቱ ቅዳሴውን ይቀጥሉ።

አንድ ወንድማችን የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለው። «ከሄድኩ ይይዙኛል» ብሎ እንቅልፍ አጥቷል። አትሂድ እንበለው?
*የጽዋ ማኅበር ሰብሳቢ፣ አሌክሳንድሪያ*

በፍጹም አትበሉት። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ በ2025 ብዙ ሰዎች ከችሎት ሲወጡ ኮሪደር ላይ ተይዘዋል። ነገር ግን የቀረ ሰው ላይ በሌለበት የመባረር ትእዛዝ ይሰጥበታል፣ ያንን ማስነሳት ደግሞ ከባድ ነው። ከቀጠሮው በፊት ጠበቃ ያግኝ። ጠበቃው ችሎቱ በቪዲዮ እንዲሆን መጠየቅ ይችል ይሆናል። ቤት ቀይሮ ከሆነ ለፍርድ ቤቱ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ፣ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ደግሞ በ10 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ነበረበት። ካላሳወቀ ዛሬውኑ ያሳውቅ። ደብዳቤው የድሮ አድራሻ እየሄደበት ኬዙ የተበላሸበት ሰው ብዙ ነው።

ከዚያ ብቻውን አትላኩት። ጁን 20 ቀን 2025 የሳን ዲዬጎው የካቶሊክ ጳጳስ ማይክል ፋም ከሌሎች የእምነት አባቶች ጋር ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ሄደው ከስደተኞች ጎን ተቀምጠዋል። እሳቸው ራሳቸው ከቬትናም በስደት የመጡ ናቸው። ያን ዕለት ኮሪደሩ ላይ የነበሩት የአይስ ሰዎች ዞር እንዳሉ ተዘግቧል። የእኛም የንስሐ አባቶች መስቀላቸውን ይዘው አብረው ቢሄዱ ምን ይከለክላቸዋል? ማንም እንዳይያዝ ዋስትና አይሆኑም። ግን ሰውየው ከተያዘ የት እንደገባ ሳይታወቅ አይጠፋም።

ሸኚው የሰውየውን ሙሉ ስም በፓስፖርቱ ላይ እንደተጻፈው፣ የኤ-ቁጥሩን (ኢሚግሬሽን የሰጠውን መለያ ቁጥር)፣ የጠበቃውንና የባለቤቱን ስልክ በወረቀት ጽፎ ይያዝ። የተያዘ ሰው ስልኩን ይወስዱበታል፤ ቁጥር በቃሉ የሚይዝ ደግሞ ዛሬ ጥቂት ነው። የመኪናውንም ቁልፍ ሸኚው ይያዝ። የኤ-ቁጥርና የትውልድ አገር ካለ በአይስ የእስረኛ ማፈላለጊያ ሰውየው ያለበትን መፈለግ ይቻላል። ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ የተያዙ ሰዎች በቀናት ውስጥ ሉዊዚያና ወይም ቴክሳስ ሊደርሱ ስለሚችሉ ፍለጋው ለነገ አይባልም።

ግሪን ካርድ አለኝ። ወረቀት የሌላቸውን ብረዳ እከሰሳለሁ?
*እናት፣ ዳላስ*

እመቤቴ፣ ሕጉ ወንጀል የሚለው ወረቀት የሌለውን ሰው ከመንግሥት ዓይን መደበቅን፣ እንዲሰወር ማጓጓዝን የመሰለ ነገር ነው። እህል ገዝቶ ማድረስ፣ ጠበቃ ማፈላለግ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ማምጣት፣ አብሮ መጸለይ በግልጽ የሚደረግ ደግነት ነው። ሰው ቤትዎ ወይም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማሳደር ግን ሌላ ነው፤ ጠበቃ ሳይጠይቁ አያድርጉት።

በአገራችን የአክሱም ጽዮን ቅጥር ለዘመናት የተማጻኝ መጠለያ ሆኖ ኖሯል። የአሜሪካ ሕግ ግን ለቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለ መብት አልሰጠም። በ1982 አሪዞና፣ ቱሳን ያለችው የሳውዝሳይድ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ከኤልሳልቫዶርና ከጓቴማላ ጦርነት ለሸሹ ሰዎች በይፋ በሯን ከፈተች። ፓስተሯ ጆን ፋይፍና አጋሮቻቸው በ1986 ጥፋተኛ ተባሉ፤ በገደብ ተለቀቁ እንጂ አልታሰሩም። አውቀው የገቡበት ነው፣ አከብራቸዋለሁ። እርስዎም የሚያደርጉትን አውቀው ያድርጉ። ግሪን ካርድዎን ደግሞ መሳቢያ ውስጥ አያስቀምጡት፤ ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ይዞት እንዲሄድ ሕጉ ያዛል።

ከቤተ ክርስቲያናችን ጀርባ ያሉት የሳልቫዶርና የጓቴማላ ሰዎች ናቸው። ገንዘባችን ለራሳችን ሰው አልበቃ ብሎ፣ ለምን ለነሱ ይታሰባል?
*ምእመን፣ ላንግሊ ፓርክ*

ጥያቄዎ ቅን ነው፣ መልሴም ግልጽ ነው፦ ጎረቤቶቻችን ስለሆኑ። «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና» የሚለው ቃል ከየት አገር የመጣ እንግዳ እንደሆነ አይናገርም። እስራኤልም «በግብፅ ምድር እንግዶች ነበራችሁና» ተብለው ነው እንግዳውን እንዲወዱ የታዘዙት። ስንቶቻችን ነን እዚህ አገር የመጀመሪያውን ክረምት በሌላ ሰው ካፖርት ያሳለፍነው?

ደግሞ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በጁላይ 2025 የሳን በርናርዲኖው ጳጳስ አልቤርቶ ሮሃስ መያዝን የሚፈሩ ምእመናን እሑድ ከቅዳሴ ቢቀሩ ኃጢአት እንደማይሆንባቸው አስታውቀዋል። በ2026 መጀመሪያ፣ በብርዱ ወራት፣ ሚኒያፖሊስ ውስጥ አብያተ ክርስቲያናት ከቤት መውጣት ለፈሩ ሰዎች አስቤዛ በየደጃቸው ሲያደርሱ ነበር። በዝክር ቀን የሚተርፈውን ምስርና ዳቦ ይዛችሁ ያንን በር አንኳኩ። ስትሄዱ ግን ስማችሁንና ከየት እንደመጣችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ በዚህ ጊዜ የበር መንኳኳት ያስደነግጣል።

ለተያዙ ሰዎች ገንዘብ ሰብስበናል። እንዴት እናውለው?
*ገንዘብ ያዥ፣ አትላንታ*

መጀመሪያ ለጠበቃ። በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት መንግሥት ጠበቃ አያቆምም። «ፎርም እሞላለሁ፣ ሰው አውቃለሁ» ለሚል ሰው ግን አንድ ዶላር አትስጡ። ፈቃድ ያለው ጠበቃ ወይም የፍትሕ ሚኒስቴር እውቅና የሰጠው ተወካይ ብቻ ይሁን።

ዋስትና ከተፈቀደ ትንሹ 1,500 ዶላር ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ድንበር አቋርጠው የገቡትን መንግሥት ከ2025 ወዲህ ዋስትና አይገባቸውም እያለ ስለሆነ በየፍርድ ቤቱ ክርክር አለ። ሰውየው ቀጠሮውን ካከበረ ገንዘቡ ኬዙ ሲያልቅ ለከፋዩ ይመለሳል። ስለዚህ ማን እንደከፈለና ሲመለስ የማን እንደሆነ በቃለ ጉባኤ ጻፉ። የተረጂዎችን የወረቀት ሁኔታ ግን የትም አትመዝግቡ። አያስፈልጋችሁም፣ ለነሱም አደጋ ነው።

በቴሌግራም «አይስ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ነው» የሚል መልእክት ሲመጣ ለሁሉም እናስተላልፍ?
*የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምር፣ ዋሽንግተን*

በዓይኑ ያየ ሰው ቦታውን፣ ሰዓቱንና ያየውን ካልጻፈ አታስተላልፉ። በወሬ ምክንያት ሐኪም ቤት የቀረ በሽተኛ አለ።

15 ዓመቴ ነው። እኔ እዚህ ነው የተወለድኩት፣ እናቴ ግን ወረቀት የላትም። ብትያዝ እኔና ወንድሜ ምን እንሆናለን?
*ልጅ፣ ሜሪላንድ*

የኔ ልጅ፣ ይህን ብቻሽን መሸከም የለብሽም። ደብዳቤሽን ሳነብ ያሳሰበኝ እናትሽ ይህን መጨነቅሽን ላታውቅ ትችላለች የሚለው ነው። ዛሬ ማታ ንገሪያት። እሷም ስታስበው የቆየችው ነገር ይሆናል።

ሜሪላንድ ውስጥ ወላጅ በኢሚግሬሽን ምክንያት ከልጆቹ ቢለይ ማን እንደሚያሳድጋቸው አስቀድሞ በጽሑፍ መወሰን ይችላል። እናትሽ የምታምነውን ሰው፣ የክርስትና እናትሽን ወይም አክስትሽን፣ ትምረጥ። የሚመረጠው ሰው ሕጋዊ ወረቀት ቢኖረው ይመረጣል። ሰነዱን በነፃ የሚያዘጋጁ የሕግ ድርጅቶች አሉ፤ የንስሐ አባታችሁ ወይም የትምህርት ቤትሽ አማካሪ ያገናኛችኋል። የልደት ወረቀታችሁን፣ የክትባት ካርዳችሁንና ፓስፖርታችሁን በአንድ ፖስታ አድርጉ። ፓስፖርት ከሌላችሁ አሁኑኑ ይውጣ። የተመረጠችው ሰው ስም በትምህርት ቤት የድንገተኛ ጊዜ ተጠሪ ሆኖ ይመዝገብ፤ አለበለዚያ ወንድምሽን ከትምህርት ቤት ልታወጣው ስትሄድ ላይሰጧት ይችላሉ።