ኮራሉ ከድንጋዩ ለምን ይወድቃል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው የኮራል (ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባሕር እንስሳ) ቁራጭን አኳሪየም ውስጥ ድንጋይ ላይ ስለማጣበቅ ናቸው። ቀጥታ ልግባ።

ከለገጣፎ፦ ቁራጩን በሱፐር ግሉ አጣበቅኩት፣ ጠዋት አሸዋው ላይ ወድቆ አገኘሁት። ኮላው ራሱ ዓሣዎቼን አይመርዝም?

አይመርዝም። ሱፐር ግሉ ሳይኖአክሪሌት ነው፣ እርጥበት ሲነካው ይጠነክራል፣ ኮራል የሚያራቡ ሰዎችም የሚጠቀሙት እሱኑ ነው። ግን ቀጭኑን ፈሳሽ ተወው፣ ወፈር ያለውን ጄል ፈልግ። ሌላው ድንጋዩ ነው። አልጌ በለበሰ ድንጋይ ላይ ኮላ ብታደርግ የሚይዘው አልጌውን ነው፤ ስለዚህ ቦታውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ድንጋዩ እስኪታይ ፈግፍገው። የኮራሉን መቀመጫ በሶፍት አድርቀህ ጄሉን ቀባው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ኮላው ወዲያው ስስ ቆዳ ስለሚያወጣ ዝም ብለህ አታስቀምጠው፤ ጫን አድርገህ ግራና ቀኝ ስታዞረው ቆዳው ይቀደድና ከውስጥ ያለው ያልደረቀው ኮላ ድንጋዩን ያገኛል። ከዚያ ሳታነቃንቅ ትንሽ ይዘህ ቆይ። ፓምፑን በዚህ መሃል አጥፋው፣ ማብራቱን ግን እንዳትረሳ።

ይሄን ሁላችሁም ያዙልኝ፦ የኮላው ሥራ ጊዜያዊ ነው። ለዘለቄታው የሚይዘው ኮራሉ ራሱ ነው፣ ሥጋውን ድንጋዩ ላይ እያሰፋ፣ ለዚህም ሳምንታት ይፈልጋል። ቦታው አላማረኝም እያላችሁ በየቀኑ ካነሳችሁት ሁሌም ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

ከሰበታ፦ ቁራጩ ከባድ ነው፣ ጄሉ አልቻለውም።

እርስዎ የሚያስፈልግዎ እንደ ሊጥ በእጅ የሚቦካው፣ ለውሃ ውስጥ የሚሆነው ኢፖክሲ የሚባለው ማጣበቂያ ነው። ብቻውን ግን እርጥብ ድንጋይ ላይ በደንብ አይዝም። ከላይም ከታችም ጄል ያድርጉለት፣ መሃል ላይ ኢፖክሲው ይሁን። በጓንት ያቡኩት። በአንድ ቀን ብዙ አይጠቀሙ፤ ስኪመሩ፣ ማለትም ቆሻሻውን በአረፋ የሚያወጣው ማጣሪያ፣ አረፋ አብዝቶ ሊፈስብዎት ይችላል።

ከቡራዩ፦ እንጉዳይ የሚመስለው ኮራል በኮላ እምቢ አለኝ።

ልክ ነሽ፣ ንፍጡ አያስይዝም። ጠጠር የሞላ ሰሃን ላይ አስቀምጪው፣ በመረብ ሸፍኚው፣ የውሃው ፍሰት ረጋ ያለበት ቦታ አድርጊው። አንዱን ጠጠር ራሱ ሲይዝ ጠጠሩን ታጣብቂዋለሽ።

ከሱሉልታ፦ ዞአንቲድ የወረረውን ድንጋይ ቀቅዬ ባጸዳውስ?

በፍጹም እንዳታደርገው! ዞአንቲዶች ድንጋይ ላይ ተንሰራፍተው የሚያድጉ የኮራል ዘመዶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ፣ በተለይ ፓሊቶአ የሚባሉት፣ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አላቸው። ድንጋይ ቀቅለው ወይም በፈላ ውሃ አጥበው እንፋሎቱን የተነፈሱ ሰዎች በሌሎች አገሮች ሆስፒታል ገብተዋል። ስትቆርጣቸውም ጓንትና መነጽር አድርግ፣ እጅህ ላይ ቁስል ካለ ጭራሽ አትንካቸው፣ ልጆችን ከክፍሉ አስወጣ። ከነካካህ በኋላ ትንፋሽ ካጠረህ ወይም ካተኮሰህ ሐኪም ጋ ሂድ፣ ምን እንደነካህም ንገረው።

ከሰንዳፋ፦ መብራት በጠፋ ቁጥር አዲስ ያጣበቅኳቸው ይሞቱብኛል።

እዚህ ሁለት ነገር ይደራረብብዎታል። ብርዱን ያውቁታል፤ ኮራሉ የሚፈልገው 25 ወይም 26 ዲግሪ ነው፣ የሰንዳፋ ሌሊት ደግሞ ምሕረት የለውም። ብዙ ሰው የማያስበው ከፍታውን ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ ስንኖር የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር ሲነጻጸር ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል፣ ስለዚህ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ፓምፑ ሲቆም ዓሣዎቹም ኮራሎቹም በቶሎ የሚታፈኑት ለዚህ ነው። ጀነሬተር ከሌለዎት በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከሁሉ በፊት ይግዙ፣ መስታወቱንም በብርድ ልብስ ይጠቅልሉት። መብራት በሚቆራረጥበት ሳምንት ኮራል አይቁረጡ፤ የተቆረጠ ኮራል ቁስለኛ ነው፣ ሌላ ጭንቀት አይችልም።

ከገላን፦ ጅቡቲ ስሄድ ከባሕሩ ቆርጬ ባመጣስ?

ተይው እህቴ። ድንጋያማ ኮራሎች የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይትስ ስምምነት 2ኛ አባሪ ውስጥ ናቸው፤ ጅቡቲም እኛም የስምምነቱ አባል ነን፣ ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፉም። አኳሪየም ካለው ሰው ቁራጭ ጠይቂ፤ በሰው እጅ ያደገው መስታወት ውስጥ መኖርን ስለለመደ ቶሎ ይይዝልሻል።