በበሩ መካከል ያለችው ጆሮ

ውድ ወጣት አንባቢዎች፣

የሩቅ ምሥራቅ ፊደላት በጀርመን ሥነ ጽሑፍ ላይ ስላሳደሩት ተጽዕኖ ለመጻፍ ስትነሡ፣ ተጽዕኖው ከግጥሙ ሐሳብ መጣ ወይስ ከፊደሉ መልክ? ይህን አስቀድማችሁ ለዩ። ሁለቱ ከተምታቱ ጽሑፋችሁ ከመነሻው ይበላሻል። ጀርመናዊው ባለቅኔ ሃንስ ቤትጌ እ.ኤ.አ. በ1907 ያሳተመውን «የቻይና ዋሽንት» ተመልከቱ፤ የሙዚቃ ደራሲው ጉስታቭ ማህለር «የምድር መዝሙር»ን ሲደርስ ግጥሞቹን የወሰደው ከዚያ ነው። ቤትጌ ግን ቻይንኛ አያውቅም ነበር፤ የሠራው በአውሮፓ ቋንቋዎች ከተተረጎሙ ግጥሞች ተነሥቶ ነው። ጨረቃው፣ ወይኑ፣ ትካዜው ተሻግሯል። ከፊደሉ ግን አንዲት ጭረት እንኳ አልተሻገረችም።

ፊደሉ ራሱ ሲሠራ ማየት ከፈለጋችሁ ወደ ዮኮ ታዋዳ ሂዱ። በ1960 ቶኪዮ ተወልዳ በ1982 ሐምቡርግ የገባችው ይህች ደራሲ በጃፓንኛም በጀርመንኛም ትጽፋለች። በጀርመንኛ ይጽፍ የነበረው ባለቅኔ ፓውል ጼላን በ1955 ያወጣውን «ከደፍ ወደ ደፍ» የተሰኘ የግጥም መድበል በጃፓንኛ ትርጉም ስታነብ፣ ቁልፍ ቃላቱ በተጻፉባቸው ካንጂዎች (ጃፓንኛ ከቻይና በወሰዳቸው ፊደላት) ውስጥ አንድ ምልክት ደጋግማ አየች፤ በር።

በር በ8 ጭረት ይጻፋል፤ ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ሳንቃዎች ይመስላል። መካከሉ ላይ የ6 ጭረቷ ጆሮ ስትገባ «መስማት» ይሆናል። የ4 ጭረቷ ፀሐይ ስትገባ «መካከል»፣ የ2 ጭረቱ ሰው ሲገባ «ብልጭታ»፣ የ9 ጭረቱ ድምፅ ሲገባ «ጨለማ»። «ደፍ» የሚለውም ቃል በሩን ይዟል። የመድበሉ የመጀመሪያ ግጥም «ሲባል ሰማሁ» ብሎ ስለሚጀምር፣ የጃፓንኛው አንባቢ ገና ሲገባ በበር መካከል ያለች ጆሮ ታገኘዋለች። በጀርመንኛው «መስማት» ውስጥ ግን በር የለም። ታዋዳ ጼላን በጃፓንኛ አስቦ ጻፈ አትልም፤ ግጥሙ ገና ያልተወለደውን የጃፓንኛ ትርጉሙን አስቀድሞ ያየ ይመስላል ነው የምትለው። ይህ ድንቅ ንባብ ነው።

እናንተም ሞክሩት። የጃፓንኛውን ገጽ ቅጂ ያዙና ሳታነቡ በሮቹን ብቻ በእርሳስ ክበቡ። ከዚያ በጀርመንኛው ገጽ ላይ በየክቡ አንጻር የትኛው ቃል እንዳለ አንድ በአንድ ጻፉ። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ በሮቹን ቆጥረው «በዝተዋል» ይላሉ። «መካከል» የሚለው ፊደል በጃፓንኛው «ጊዜ» እና «ሰው» በሚሉት ቃላት ውስጥም ስለሚገኝ በየትኛውም ተራ ጽሑፍ ላይ ሞልቷል። ቁጥሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ግጥሙ የሚታጠፍበት ቃል ላይ ያረፈውን ክብ ፈልጉ።

ሌላው ስሕተት ፊደሉን ሥዕል ነው ማለት ነው። የእኛ ፊደል ድምፅን ስለሚጽፍ፣ ከእኛ የተለየውን ሁሉ ሥዕል ለማድረግ እንቸኩላለን። አብዛኞቹ የቻይና ፊደላት ግን አንዱ ክፍላቸው ትርጉም፣ ሌላው ድምፅ ይሰጣል። በ«መስማት» ውስጥ ትርጉሙ የጆሮዋ ነው፤ በሩ ድምፁን ያውሳል። በ«ጨለማ» ውስጥ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ትርጉሙን በሩ ይይዛል፣ ውስጡ ያለው ክፍል አነባበቡን ያመለክታል። ስለዚህ «ጥንታውያኑ ጨለማን በበር የተዘጋበት ድምፅ ነው ብለው አሰቡ» ብላችሁ አትጻፉ። ባለቅኔ እንዲህ ብታነብ መብቷ ነው። እናንተ ግን የቱ የፊደሉ ታሪክ፣ የቱ የባለቅኔዋ ንባብ እንደሆነ ለይታችሁ አስቀምጡ።

ይህን ከለመዳችሁ በኋላ በ2010 በወጣው «የጀርመንኛ ሰዋስው ጀብዱዎች» በተሰኘው መድበሏ ውስጥ ስለ ጨረቃ ማምለጥ የጻፈችውን ግጥም ፈልጉ። ስሞቹና ብዙዎቹ ግሦች በካንጂ፣ መስተአምሮቹ (እንደ «ዴር» ያሉት ከስም በፊት የሚመጡ ቃላት) በጀርመንኛ ናቸው፤ በ4 ጭረት የተጻፈችው ጨረቃ ጫፏ ላይ የጀርመንኛ የአገናዛቢ «ስ» ተለጥፎባታል። ጃፓንኛ ለማያውቅ ጀርመናዊ ጓደኛችሁ ስጡትና ጮክ ብሎ ያንብበው። መስተአምሮቹን ይጠራል፣ ጨረቃዋ ጋ ሲደርስ ዝም ይላል፣ ከዚያ «ስ» ይላል።