ስደትን ለምትዘፍኑ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ከደሴም ከኮምቦልቻም ግጥም እያመጣችሁ ታሳዩኛላችሁ። ደስ ይለኛል። ግን አብዛኛው «ሀገሬ ናፈቀችኝ» ብሎ ይጀምርና እዚያው ያልቃል። የናፈቀው ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም።

እስቲ የእንግሊዛዊውን ዘፋኝ የስቲንግን «ኢንግሊሽማን ኢን ኒው ዮርክ» (እንግሊዛዊ በኒው ዮርክ) ደግማችሁ ስሙት። በፈረንጆች 1987 የወጣ ነው። ብዙ ሰው ስቲንግ ስለ ራሱ የዘፈነ ይመስለዋል። የተጻፈው ግን ኩዌንቲን ክሪስፕ ለሚባል ሽማግሌ ደራሲ ነው። ክሪስፕ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪነቱን ስላልደበቀ በገዛ ሀገሩ በእንግሊዝ መንገድ ላይ ሲሰደብና ሲደበደብ ኖሯል። ባዕድነትን የጀመረው እቤቱ ነው። ኒው ዮርክ የገባው በ1981፣ ሰባ ካለፈው በኋላ ነው። በዚያ ዕድሜ ማን ከቀዬው ይነቃነቃል? ስቲንግ እንደጻፈው፣ አንድ ቀን እራት ላይ ሽማግሌው የዜግነት ወረቀቱን በጉጉት እንደሚጠብቅ አጫወተው። ወረቀቱ ከደረሰው ወንጀል ቢሠራም አያባርሩትማ! ቀልድ ነው። ውስጡ ያለውን ስጋት ግን የተሰደደ ሰው ያውቀዋል።

ዘፈኑ ይህን ሁሉ አይተርክም። ሻይ አለ፣ ከዘራ አለ፣ በአንድ ጎኑ ብቻ የተጠበሰ ዳቦ አለ። በቃ፣ ሰውየው ፊታችሁ ቆመ። ዜማውም ያግዘዋል፤ የብራንፎርድ ማርሳሊስ ሳክስፎን ከድምፃዊው ጋር ይመላለሳል፣ መሃል ላይ ጃዝ ይገባል፣ ወዲያው ከባድ ከበሮ ይከተላል። ስሰማው ሽማግሌው ከሰፈር ሰፈር ሲሻገር ይታየኛል።

የእኛስ? ጎረቤቴ ቤይሩት ቤት ሠራተኛ ነበረች። አሠሪዋ የምትጠራት ራሷ ባወጣችላት ስም ነበር። ጠዋት በረንዳ ላይ ምንጣፍ ስታራግፍ፣ ማዶ ፎቅ ላይ ካለች የሐይቅ ልጅ ጋር በአማርኛ ይጯጯሃሉ። ወሬው ካላለቀ ንጹሑን ምንጣፍ እንደገና ታራግፈዋለች። ይህን ስትነግረኝ እጇ አብሮ ይወዛወዝ ነበር። ዘፈን ማለት ይኼ ነው!

ሂዱና እንዲህ ያለውን ሰው ጠይቁ። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ተቀመጡ፣ ስልካችሁን አትደቅኑ። ቅኝት ላይም አትቸኩሉ። ስደት ሲባል ሁላችሁ ወደ ትዝታ ትሮጣላችሁ፤ አምባሰልና ባቲ እኮ ደጃችን ናቸው። በእግራቸው ወደ ጅቡቲ ከሚወጡት ልጆቻችን ብዙዎቹ የሚያልፉትም በባቲ ነው። ስትጨርሱ መጀመሪያ ለነገረቻችሁ ሴት አሰሟት። «ይቺ እኔ አይደለሁም» ካለች እንደገና ጻፉት።