ከፋርማሲ ወደ «የምስጢር መጻሕፍት» ጥናት

ውድ ጠያቂ፣

የፋርማሲ ትምህርትዎን ለማጠናቀቅ አንድ ዓመት እንደቀረዎት፣ ልብዎ ግን በ16ኛው ክፍለ ዘመን በጣሊያን ወደታተሙት «የምስጢር መጻሕፍት» እንዳዘነበለ ገልጸው፣ ትምህርቱን አቋርጠው ወደ ታሪክ ጥናት ቢገቡ ይሻል እንደሆነ ጠይቀውኛል። እንዳያቋርጡት አጥብቄ እመክርዎታለሁ፤ በዚያ መስክ ዋነኛው ስንቅዎ እርሱ ነውና።

እነዚህ መጻሕፍት ከሁሉ አስቀድሞ የቅመማ መጻሕፍት ናቸው። በ1555 በቬኒስ አሌሲዮ ፒዬሞንቴሴ በሚል ስም የወጣውና ብዙ ተመራማሪዎች የጣሊያናዊው ጸሐፊ የጂሮላሞ ሩሼሊ ሥራ ነው የሚሉት ስብስብ መድኃኒትን፣ ሽቶን፣ ቀለምንና የብረታ ብረት ሥራን አጣምሮ ይዟል። መግቢያውን በተለይ ያንብቡት፤ ተራኪው በጠጠር ሕመም የሚሠቃይ ሰው የሚድንበትን ምስጢር ለሐኪሙ ለመስጠት ባለመፍቀዱ ሕመምተኛው እንደሞተ፣ መጽሐፉን ለሕዝብ ያወጣውም በዚያ ጸጸት እንደሆነ ይናገራል። ጣሊያናዊው ሊቅ ጃምባቲስታ ዴላ ፖርታ ደግሞ በ1558 በኔፕልስ ባሳተመውና በ1589 ወደ 20 ክፍሎች ባሰፋው «የተፈጥሮ አስማት»፣ እርሱ የሚያስተምረው አስማት መናፍስትን መጥራት ሳይሆን በተፈጥሮ ውስጥ የተሰወረውን ኃይል ዐውቆ በሥራ ላይ ማዋል እንደሆነ ይከራከራል። ስለዚህ ሳይንስ የሚመስለውን ብቻ ለቅሞ የቀረውን እንደ አጉል እምነት መጣል ትልቅ ስህተት ነው፤ ለጸሐፊዎቹ ሕክምናው፣ የተፈጥሮ ፍልስፍናውና ስውሩ ኃይል የማይነጣጠሉ ነበሩ።

ሙያዎ የሚፈለገውም እዚህ ላይ ነው። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በታሪክ ተመራማሪዋ በፓሜላ ስሚዝ የተመራው ቡድን በ2020 በዲጂታል ያሳተመውን የ16ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይኛ የእጅ ጽሑፍ ያጠናው፣ በውስጡ የሰፈሩትን አሠራሮች በቤተ ሙከራ እየደገመ ነበር። መጠን ማስላትና መርዙን ከመድኃኒቱ መለየት የሚችል ሰው ለእንዲህ ያለው ሥራ ብርቅ ነው።

የመምህርነት ቦታ ጥቂት መሆኑን ግን አልደብቅዎትም፤ በቤተ መጻሕፍትና በሙዚየም ሥራ እስኪያገኙ ድረስ የፋርማሲ ፈቃድዎ ያኖርዎታል። በቀረዎት ዓመት ጣሊያንኛ ይጀምሩ፤ ላቲኑ ይከተላል። ከዚያም በለንደን የሚገኘው የሕክምና ታሪክ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም፣ የዌልካም ስብስብ፣ በነጻ ከሚያስነብባቸው የቆዩ የመድኃኒት መጻሕፍት አንድ ቅመማ መርጠው፣ ቅመሞቹንና ልኬቶቹን ለይተው፣ ሜርኩሪ ወይም እርሳስ ካለበትም ጉዳቱን አብራርተው በአምስት ገጽ ይጻፉ፤ ለማስተርስ ሲያመለክቱ ከማመልከቻዎ ጋር የሚያያይዙት ይህንኑ ጽሑፍ ይሆናል።