የአዲስ አበባ ሰዓታችሁን ከሄንግሎ ሰዓት ጋር አታወዳድሩ

ልጆቼ፣ ብዙ ዓመት ሯጭ ሳሰለጥን ነው የኖርኩት፣ ዛሬ ስለ ሪከርድ ላውራችሁ። ስልካችሁ ላይ የዓለም ሪከርድ እያያችሁ በራሳችሁ ሰዓት ስታዝኑ በጣም ነው የሚከፋኝ። አንድ የ18 ዓመት ልጅ አዲስ አበባ ስታዲየም 10 ሺ ሮጦ እንደጨረሰ፣ ላቡ ሳይደርቅ ከቀነኒሳ በስንት ደቂቃ እንደራቀ ያሰላል። ይሄ ልክ አይደለም። አዲስ አበባ እኮ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች፣ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ረጅም ርቀት ላይ ማንም ቢሆን ሰዓቱ ይጎተታል። እስቲ ልጆቻችን የሰበሯቸውን የዓለም ሪከርዶች እዩ፣ ኃይሌ 5 ሺ በ12:44.39 ዙሪክ፣ ቀነኒሳ 12:37.35 ሄንግሎ (ሆላንድ ያለች ዝቅተኛ ቦታ ላይ ያለች ከተማ ናት)፣ 10 ሺውን ደግሞ 26:17.53 ብራስልስ፣ ለተሰንበት 5 ሺ በ14:06.62 ቫሌንሲያ፣ ትዕግስት አሰፋ ማራቶኑን 2:11:53 በርሊን፣ አንዱም እዚህ አልተሮጠም፣ ጉልበቱ ግን የተሠራው እዚሁ እንጦጦና ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ ነው። በ2021 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ለሆላንድ የምትሮጠው ሲፋን ሀሰን ሄንግሎ ላይ 10 ሺውን 29:06.82 ገብታ የዓለም ሪከርድ ያዘች፣ ከሁለት ቀን በኋላ እዛው ትራክ ላይ በኛ የኦሊምፒክ ማጣሪያ ለተሰንበት 29:01.03 ገባች! ያ ማጣሪያ አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ ያ ሰዓት አይታሰብም። እና የአዲስ አበባ ሰዓታችሁን ከአምናው የአዲስ አበባ ሰዓታችሁ ጋር ነው ማየት ያለባችሁ።

ደግሞ ቁጥሩን በዙር ፍቱት። የቀነኒሳን የ5 ሺ ሰዓት 12:37.35ን ለ12 ዙር ተኩል ስታካፍሉት በዙር 60.6 ሰከንድ አካባቢ ይመጣል። አንዷን ዙር በ60 መሮጥ የሚችል ልጅ ሞልቷል፣ ችግሩ እናንተ በ58 ትከፍቱና ሦስተኛው ዙር ላይ 66 ትገባላችሁ፣ ከዛ ሰውነት ይታሰራል በቃ። ፊት ሆኖ ፍጥነት የሚያስይዝ አሯሯጭ አለ፣ አሁን የትራኩ ጠርዝ ላይ በሪከርዱ ፍጥነት የሚሄድ መብራት መጥቷል፣ የትራክ ጫማው ስፓይኩም እንደድሮው አይደለም፣ ይሄ ሁሉ የሚጠቅመው ግን ያንን ፍጥነት ልምምድ ላይ ደጋግሞ የያዘን ሰው ነው።

ሪከርድ ማለት 5 ሺና 10 ሺ ብቻም አይደለም፣ መሐመድ አማን በ2013 ብራስልስ ላይ 800 ሜትር 1:42.37 ሮጧል፣ እና ፍጥነት ያለው ልጅ ሁሉ ለምን ወደ ረጅም ርቀት እንደሚገፋ አይገባኝም። ደራርቱን ደግሞ አስቡ፣ በ10 ሺ ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ስታመጣ የዓለም ሪከርድ በእጇ አልነበረም፣ ማን ነው ይሄ ጎደላት የሚላት? መድኃኒት ወስዳችሁ ሰዓት አሻሽሉ የሚላችሁ ሰው ከመጣ ግን ዘመድም ቢሆን ራቁት።

ከሁሉ በላይ እንድታዩልኝ የምፈልገው ሐጎስ ገብረሕይወትን ነው። በ2012 ፓሪስ ላይ በ18 ዓመቱ 5 ሺ በ12:47.53 ሮጠ፣ ሁሉም ሰው የሚቀጥለው ዓመት የቀነኒሳን ሪከርድ ይሰብራል ብሎ ጠበቀ። አልሰበረም። የዓለም ሻምፒዮና ብርና ነሐስ አመጣ፣ ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ ነሐስ አገኘ፣ ብዙም ያልተወራለት ዓመትም አሳለፈ፣ መሮጡን ግን አልተወም። ከዛ በ2024 ኦስሎ ላይ 12:36.73 ገባና የቀነኒሳን የኢትዮጵያ ሪከርድ በ0.62 ሰከንድ ሰበረው፣ ያ ሪከርድ 20 ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ነበር የቀረው። ከ12:47 ወደ 12:36 ለመውረድ 12 ዓመት ፈጀ ማለት ነው፣ 11 ሰከንድ ለማይሞላ ለውጥ!

ስለዚህ በ19 ዓመታችሁ ማኔጀር ደውሎ ማራቶን ውጡ ሲላችሁ፣ ገንዘቡ ለቤተሰብ እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ፣ ብዙዎቻችሁ ከምን ዓይነት ቤት እንደመጣችሁም አውቃለሁ፣ ግን ከአሰልጣኛችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ሳትመካከሩ እባካችሁ እንዳትፈርሙ፣ ትራኩ ላይ ገና ብዙ ሰከንድ አላችሁ።