ሻንጋይ፣ ሃርቢን ወይስ ኩንሚንግ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ! የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የተወለድኩት አዲስ አበባ ሲሆን ፓስፖርቴ የአሜሪካ ነው። በባዮሎጂ ዲግሪ አለኝ፣ የ120 ሰዓቱን የእንግሊዝኛ ማስተማር ሰርተፍኬትም ወስጃለሁ። የተማሪ ብድሬን ቶሎ ለመክፈልና አገር ለማየት ብዬ ቻይና ሄጄ እንግሊዝኛ ላስተምር ነው። ሦስት ቦታ ተቀብለውኛል። ሻንጋይ ያለ የግል ማሠልጠኛ በወር 24,000 ዩዋን ይከፍላል፣ ቤት ግን በራሴ ነው። ሃርቢን ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት 18,000 ከነመኖሪያ ቤቱ። ኩንሚንግ ያለ ዩኒቨርሲቲ 9,000 ከነቤቱ፣ በሳምንት 16 ክፍለ ጊዜ ብቻ። ብርድ አልወድም፣ አሳማ አልበላም፣ እጾማለሁ። እናቴ "ሻንጋይ ካልሆነ አትሂጂ" ብላለች። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ እናትሽ ሻንጋይን የመረጡት ስሙን ስለሰሙ ይመስለኛል። የቤት ኪራዩን ቢሰሙ ሐሳባቸውን ይቀይሩ ነበር።

እስቲ እናስላው። 24,000 ዩዋን ግብር ሲቆረጥለት በአማካይ ወደ 21,600 ይወርዳል። ደህና ባለ አንድ መኝታ ቤት ሻንጋይ ውስጥ 7,000 ነው እንበል። ለምግብ፣ ለትራንስፖርትና ለመዝናኛ 6,000 ብታወጪ በእጅሽ የሚቀረው 8,600 ነው። አሁን ሃርቢንን እይው። 18,000 ከግብር በኋላ ወደ 16,800 ይሆናል። ቤቱ የእነሱ ነው፣ ከተማው ርካሽ ነው፣ በ4,000 ተመችቶሽ ትኖሪያለሽ። የሚተርፍሽ ወደ 12,800 ነው። ትልቁ ደመወዝ ትንሹን ቁጠባ ሰጠሽ ማለት ነው። ኩንሚንግ ከሁለቱም ያነሰ፣ ምናልባት 5,000 አካባቢ ያስቀርልሻል። ይኼ ሁሉ በግምት ነው፣ ማኅበራዊ ዋስትና ይቆረጥብኝ እንደሆነ ብለሽ ሦስቱንም ጠይቂያቸው። ሌላም ነገር አለ፣ ግብሩ ከወር ወር እየተደመረ ስለሚሰላ በዓመቱ የመጨረሻ ወራት በእጅሽ የሚገባው ያንሳል፣ ያኔ ዘረፉኝ ብለሽ ቡራ ከረዩ እንዳትዪ።

የሻንጋይ ኪራይ ሌላም ጣጣ አለው። ብዙ አከራዮች የሚቀበሉት የአንድ ወር ማስያዣና የሦስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ነው። በ7,000 ብታስቢው ገና ደመወዝ ሳትቀምሺ 28,000 ዩዋን ትከፍያለሽ። ብድር ያለባት ልጅ ይህን ከየት ታመጣለች?

ግን እኔን ከገንዘቡ በላይ ያሳሰበኝ የሥራው ዓይነት ነው። እዚያ አገር ኑሮሽን የሚወስነው ከከተማው ይልቅ የሥራ ሰዓትሽ ነው። ማሠልጠኛ ሥራ የሚበዛበት ሰው ሁሉ ሲያርፍ ነው፣ ማለትም ማታ ማታና ቅዳሜና እሁድ። ደግሞ በሐምሌ 2021 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የቻይና መንግሥት የትምህርት ቤት ትምህርት በትርፍ የሚያስጠኑ ድርጅቶችን ከለከለ፣ በሰንበትና በዕረፍት ጊዜ ልጆችን እንግሊዝኛ ማስጠናትም አብሮ ቆመ። ያኔ ስንቱ ተዘጋ፣ ስንቱ አስተማሪ ከነሻንጣው መንገድ ላይ ቀረ! ስለዚህ የሻንጋዩን ቀጣሪሽን የምታስተምሩት ማንን ነው ብለሽ ጠይቂ። አዋቂዎችን ከሆነ ደህና ነው። ልጆችን ከሆነ፣ ያውም "ድራማ" ወይም "ሥነ ጥበብ" በሚል ስም ከሆነ፣ እኔ ብሆን አልገባበትም።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ሰኞ ገብተሽ ዓርብ የምትወጪበት ነው። ክፍሉ ትልቅ ነው፣ አርባና ሃምሳ ልጅ ይኖረዋል፣ ድምፅሽ ይደክማል፣ ግን ሰንበቱ ያንቺ ነው። ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ደመወዙ ትንሽ፣ ዕረፍቱ ረጅም ነው። የክረምቱና የቻይና አዲስ ዓመት ዕረፍት ሲደመር ብዙ ወር ይሆናል። በዕረፍቱ ይከፈልሽ እንደሆነ ግን ኮንትራቱ ላይ ፈልጊ፣ 10 ወር ብቻ የሚከፍሉ አሉ።

ወደ ብርዱ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቻይና ውስጥ መንግሥት ቤት የሚያሞቀው ከሁዋይ ወንዝና ከቺንሊንግ ተራሮች በስተሰሜን ባሉ ከተሞች ነው። ከዚያ በታች በአብዛኛው ማዕከላዊ ማሞቂያ የለም። በስተሰሜን ያለው ሃርቢን በጥር ሌሊት ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል፣ ቤትሽ ውስጥ ግን በቲሸርት ትቀመጫለሽ። ከወንዙ በታች ያለው ሻንጋይ ከዜሮ ብዙም አይወርድም፣ ግን እርጥብ ነው፣ ግድግዳው ቀዝቃዛ ነው፣ ጃኬት ለብሰሽ እራት የምትበይበት ቀን አይጠፋም። ሃርቢን ላይ እኔ የምፈራልሽ ጨለማውን ነው። በታኅሣሥ፣ በሀበሻ አቆጣጠር 10 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይዋ ትጠልቃለች። ከሥራ ስትወጪ ሌሊት ነው። ብቸኝነት የሚከብድሽ ከሆንሽ ይህን ከብርዱ በላይ አስቢበት፣ ሀበሻም እዚያ እንደልብ አታገኚም።

ኩንሚንግ የአየር ጸባይ ካየሽ ተወዳዳሪ የለውም። ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ያለ ከተማ ነው፣ ቻይኖቹም "የጸደይ ከተማ" ይሉታል። ዝናቡ በበጋቸው፣ ማለትም በእኛ ክረምት ይመጣል። የዩናን ክፍለ ሀገር የቻይና ቡና የሚበቅልበት ስለሆነ ጥሬ ቡና ገዝተሽ ቤትሽ መቁላት ትችያለሽ። ብድር ባይኖርብሽ ሂጂ እዚያ ብዬ ነገሩን እዘጋው ነበር።

ምግብ አያሳስብሽ። የላንዡ የበሬ ሥጋ ኑድል ቤቶች በየከተማው አሉ፣ ባለቤቶቹ በአብዛኛው ሙስሊሞች ስለሆኑ አሳማ አይገባባቸውም። ለጾም የቡድሃ እምነት ተከታዮች ምግብ ቤቶችን ፈልጊ፣ ሥጋ ጨርሶ የለም፣ እንቁላልና ወተት ግን የሚጨምሩ ስላሉ ጠይቂ። ተራ ምግብ ቤት "አትክልት" ብለሽ ስታዝዢ የተፈጨ አሳማ ጣል ሊያደርጉበት ወይም በአሳማ ስብ ሊጠብሱት ይችላሉና "አሳማም የአሳማ ስብም አልበላም" የሚለውን በቻይንኛ ጽፈሽ ስልክሽ ላይ ያዢው። ሃርቢን ከሄድሽ ዲ ሳን ሺየን የሚባለውን እዘዢ፣ ድንች፣ ደበርጃንና ቃሪያ ነው፣ የሰሜን ምሥራቅ ቻይና ምግብ ነው፣ በዘይት ካስጠበሽው ለጾም የሚሆን ነው።

አንድ ደስ የማይል ነገርም ልንገርሽ። ዲግሪሽን ሳያዩ ፎቶ የሚጠይቁ ኤጀንቶች አሉ። ለምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ፣ ወላጆች የሚፈልጉት ነጭ አስተማሪ ነው ብለው ስለሚያስቡ ነው። ሦስቱም በካሜራ አይተውሽ ከተቀበሉሽ መልካም። ካላዩሽ ከመፈረምሽ በፊት ካሜራ ከፍተሽ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋገሪ። እዚህ ሆኖ "አይሆንም" መባል ሃርቢን ደርሶ ከመባል በብዙ ይሻላል። ፀጉርሽን የሚነኩና ሳይጠይቁ ፎቶ የሚያነሱሽም ይኖራሉ፣ በትልልቆቹ ከተሞች ይቀንሳል።

የኔ ምርጫ? ሃርቢን፣ የአንድ ዓመት ኮንትራት። ቻይንኛቸው ለመደበኛው የቀረበ ስለሆነ ቋንቋውም ቶሎ ይገባሻል። ሁለተኛውን ዓመት ኩንሚንግ አድርጊው።

ወረቀቱን አሁኑኑ ጀምሪ። ከኅዳር 2023 ወዲህ ቻይና አፖስቲል (ሰነድ በሌላ አገር እንዲታመን የሚሰጥ ማረጋገጫ) ስለምትቀበል ዲግሪሽንና ከወንጀል ነጻ መሆንሽን የሚያሳየውን የኤፍቢአይ ማስረጃሽን በቆንስላ ማስጸደቅ ቀርቷል። የምትገቢው በዜድ ቪዛ፣ ማለትም በሥራ ቪዛ ነው፣ በገባሽ በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ጋ ትመዘገቢያለሽ፣ በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድ ታመለክቻለሽ። የሥራ ፈቃድሽ የሚታሰረው ከቀጣሪሽ ጋር ነው፣ ስለዚህ ሥራ ስትቀይሪ መልቀቂያ ደብዳቤ ሳትይዢ እንዳትወጪ።

ጥያቄ፦ እኔ ከአዳማ ነኝ። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ተመርቄያለሁ፣ ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው። አንድ ኤጀንት "በቢዝነስ ቪዛ ግባ፣ እዚያ እንቀይርልሃለን፣ ከተማውንም አንተ ምረጥ" አለኝ። ልክፈለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዳትከፍለው! በቢዝነስ ቪዛ መሥራት ክልክል ነው። ያለፈቃድ ሲሠራ የተያዘ የውጭ ዜጋ ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ይቀጣል፣ ጉዳዩ ከከበደ ከ5 እስከ 15 ቀን ይታሰራል፣ ከዚያም ሊባረር ይችላል። ኤጀንቱ ያኔ ስልክ አያነሳም።

ችግሩ እንግሊዝኛህ ላይ አይደለም። ደንባቸው ቋንቋ የሚያስተምር የውጭ ሰው በመርህ ደረጃ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ያስተምር ይላል፣ በተግባርም የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የካናዳ፣ የአየርላንድ፣ የአውስትራሊያ፣ የኒው ዚላንድና የደቡብ አፍሪካ ፓስፖርት ነው የሚታየው። ፍትሐዊ ነው? ኧረ በጭራሽ። ግን የሚቀጡት አንተን ነው።

ሕጋዊ መንገዶች አሉ። ሒሳብ ወይም ፊዚክስ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር፣ የመምህርነት ፈቃድና ልምድ ያለው ሰው በዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት የመቀጠር ዕድል አለው፣ የአፍ መፍቻው ደንብ እሱን አይመለከትም። የቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕም አለ፣ ለማስተርስ አመልክት፣ የተማሪ ቪዛ ግን ያለፈቃድ ሥራ እንደማይፈቅድ አትርሳ። ደግሞ የቤጂንግ የውጭ ጥናቶች ዩኒቨርሲቲ አማርኛ ያስተምራል። እዚያ ያ ደንብ ለአንተ ነው የሚሠራው፣ ቦታው ግን ጥቂት ስለሆነ ማስተርሱን ያዝ።

ጥያቄ፦ ከአትላንታ ነው የምጽፈው፣ የአሜሪካ ፓስፖርት አለኝ። አጎቴ ደቡብ ቻይና፣ ጓንዡ እየተመላለሰ ይነግዳል። ዘመድ ያለበት ይሻላል ብዬ እዚያ ላስተምር?

መልስ፦ አጎትህ "እየተመላለሰ" ነው ያልከው፣ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ብቻህን ነህ። ሥራ በብዛት አለ፣ ደመወዙም ከሻንጋይ ብዙ አይርቅም፣ ሺያኦቤይ አካባቢ አፍሪካዊ ምግብና ሰው አታጣም፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ይበራል። በሌላ በኩል በሚያዝያ 2020 በኮሮና ሰበብ አፍሪካውያን ከቤታቸውና ከሆቴል የተባረሩት እዚያው ጓንዡ ነው። ያን ጊዜ የነበሩ ሰዎች አልረሱትም፣ አንተም ሰምተህ ሂድ።

ጎዳና ላይ የምትሰማው ካንቶንኛ ነው፣ ግን በመደበኛው ቻይንኛ፣ በማንዳሪን ትግባባለህ። በየካቲትና በመጋቢት አየሩ እርጥበት ይዞ ስለሚመጣ ግድግዳና ወለሉ ውሃ ያወጣል፣ ልብስ አይደርቅም፣ ጫማ ይሻግታል። መሬት ላይ ያለ ቤት አትከራይ፣ ከላይ ያለውን ፈልግ። የመጀመሪያ ሳምንትህን ሆቴል የምታድር ከሆነ ደግሞ በሚያዝያና በጥቅምት ከሚካሄደው ከትልቁ የንግድ ትርዒት ጋር አታጋጥመው፣ የክፍል ዋጋ ጣሪያ ይነካል። ቀኑን አጎትህ በደንብ ያውቀዋል።