ያገለገለ መኪና ለምጽዋት ይሆናልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ልጆቼን ትምህርት ቤት ሳመላልስበት፣ ለንግሥም ለለቅሶም ቤተሰቡን ይዤ ስጓዝበት የኖርሁት ቶዮታ ታውን ኤስ አለኝ። ልጆቹ አድገው ከቤት ስለ ወጡ፣ ደሴ ለሚገኝ አንድ የአረጋውያን መርጃ ልሰጠው አስቤአለሁ። አሮጌ ነገር ለእግዚአብሔር መስጠት ነውር አይሆንም ወይ? ከአሥራቴስ ሊታሰብልኝ ይችላል? ታናሽ ወንድሜ ደግሞ «ጎማዎቹን የገዛሃቸው በቅርቡ ነው፤ አውልቀህ የድሮዎቹን አስገብተህ ስጥ» ይለኛል። በቤቱ የሚጦሩት ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም ናቸው። ለቤቱ ሰዎች ያልነገርኋቸው አንድ ነገር ቢኖር፣ ከደሴ ቁልቁል ስወርድ ፍሬኑ ሲሞቅ ፔዳሉ ይሰምጥብኛል።

መልስ፦ የተወደዱ ወንድማችን፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረጉት የፍሬኑ ነገር ነው፤ ስለዚህ እርሱን አስቀድሜ ሌላውን አስከትላለሁ።

ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም በከፍታ ከ600 ሜትር በላይ ይበላለጣሉ። ያን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ መኪና ሸራው እየጋለ፣ ዘይቱም እየፈላ ሲሄድ ፔዳሉ ምን እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ የእርስዎ እግር ያውቀዋል። እርስዎ አመሉን ስለለመዱት ማርሽ ቀንሰው፣ ሲብስም ዳር ይዘው አስበርደው ይወርዱ ይሆናል፤ ነገ መሪውን የሚጨብጠው ሾፌር ግን ይህን አያውቅም፣ ከኋላው የሚቀመጡትም ሮጠው የማያመልጡ አረጋውያን ናቸው። በሬው ተዋጊ መሆኑ አስቀድሞ ተነግሮት ሳይጠብቀው የቀረ ሰው፣ በሬው ነፍስ ቢያጠፋ ባለቤቱ በደሙ እንደሚጠየቅ ኦሪት ትናገራለች (ዘጸ. 21፥29)። አዲስ ቤት የሚሠራም ሰው ማንም ከጣሪያው ወድቆ ደም እንዳይሆንበት መከታ እንዲያበጅ ታዝዟል (ዘዳ. 22፥8)። ስለዚህ የፍሬኑን ሸራና ዘይት በራስዎ ወጪ አስቀይረው፣ በመካኒክ አስፈትሸው ይስጡ። አቅም ካጡም ጉድለቱን ለቤቱ ኃላፊም ለሾፌሩም በግልጽ ይንገሩ፤ ሳይጠገን ሰው እንዳይጫንበትም ቃል ያስገቧቸው።

አሮጌነቱ ግን አያስጨንቅዎ። ነቢዩ ሚልክያስ ዕውሩንና አንካሳውን ለመሥዋዕት ያቀረቡትን መውቀሱ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ዝቅ ብለው 1፥14ን ቢያነቡ፣ የተረገመው በመንጋው ውስጥ ጤነኛ ተባዕት እያለው ነውረኛውን የሚሠዋ ሸንጋይ እንደ ሆነ ያገኙታል። ጥፋቱ ሽንገላው ነው። ሳምራዊውም ቁስለኛውን ያስቀመጠው በገዛ ራሱ አህያ ላይ ነው (ሉቃ. 10፥34)፤ ምሳሌው በምሥጢር ስለ ጌታችን አዳኝነት ቢያስተምርም፣ በንባቡ እንደምናየው አህያው ሲቀመጥበት የቆየው እንጂ ለዚያ ቀን የተገዛ አልነበረም። ሳምራዊው የወደቀውን ሰው ወገኑንና እምነቱንም አልጠየቀም፤ መስቀልና ዒድ በአንድ ግቢ በሚከበርበት በወሎ ምድር በዚህ ላይ ብዙ መጻፍ የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም።

ወደ ጎማዎቹ ልመለስ። ጎማዎቹ የእርስዎ ናቸው፤ «መኪናውን እሰጣለሁ፣ አዲሶቹን ጎማዎች ግን አስቀራለሁ» ብለው በግልጽ ቢናገሩ የሚከስስዎት የለም። ቅዱስ ጴጥሮስም ሐናንያን መሬቱ ሳይሸጥ የእርሱ እንደ ነበረ፣ ከተሸጠ በኋላም ገንዘቡ በሥልጣኑ ሥር እንደ ነበረ ነግሮታል (ሐዋ. 5፥4)። የተፈረደበት ከፊሉን አስቀርቶ ሙሉ አስመስሎ በማምጣቱ ነው። የቤቱ ሰዎች መኪናውን አንድ ጊዜ አይተው ከሄዱ በኋላ ጥርሱ ያለቀ ጎማ አስገብቶ ማስረከብ ከዚያ በምን ይለያል? ወንድምዎ በክፋት ተናግረዋል አልልም፤ በንብረት ቍጠባ የለመደ ሰው እንዲህ ያስባል። ነገር ግን በክረምት ያ መንገድ ሲረጥብ በእነዚያ ጎማዎች ላይ ማን እንደሚጓዝ አብረው ያስቡበት።

አሥራት ከሚያገኙት ገቢ ከዐሥር አንዱን ለቤተ እግዚአብሔር የሚያገቡት ነው፤ ይህኛው ምጽዋት ስለሆነ አንዱ የሌላውን ዕዳ አይከፍልም።

ይልቅስ መኪና እንደሚበላ አይርሱ። ቤቱ ሾፌር አለውን? ነዳጁን፣ ቦሎውን፣ የሦስተኛ ወገን መድኑን የሚከፍልበትስ? አንድ ታማሚ ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለማድረስ ባጃጅና ታክሲ የሚለምን ቤት ከሆነ መኪናው ትልቅ እፎይታ ነው፤ ግቢ ውስጥ ቆሞ የሚዝግ ከሆነ ግን ሸጠው ገንዘቡን ቢሰጡ ይሻላል። እርስዎ የሚወዱትን ሳይሆን እነርሱ የሚፈልጉትን ጠይቀው ይወስኑ።

ለመስጠት ከወሰኑ ደግሞ በቃል ብቻ አይስጡ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ የነዳው ሌላ ሰው መሆኑ አያድነውም። የስጦታ ውሉ ይጻፍ፣ ይረጋገጥ፣ ሊብሬውም በቤቱ ስም ይዙር። መኪናው የትዳር ንብረት ስለሆነ ባለቤትዎ ተስማምተው ይፈርሙ፤ የሐናንያም ሚስት ታውቅ ነበር፣ የእርስዎ ግን የምታውቀው መልካሙን ይሁን። በበሩ ላይ ስምዎን ስለ ማስጻፍ አልጠየቁኝም፤ ግራ እጅዎ እንኳ እንዳያውቅ ከታዘዘ (ማቴ. 6፥3) ለመንገደኛው ሁሉ ማሳወቁ አያስፈልግም።

ቁልፉን በሚያስረክቡበት ቀን ክሪኩንና ትርፍ ጎማውን አብረው ይስጡ፤ ጊዜ ካለዎትም ከአዲሱ ሾፌር ጎን ተቀምጠው እስከ ኮምቦልቻ አንድ ጊዜ አብረውት ይውረዱና ማርሽ የሚቀንሱባቸውን ቦታዎች ያሳዩት።